የመርሳው ጋሊየም

የመምህርት ጥሩወርቅን ሞት የነገረኝ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው፤ የነገረኝም በአፉ አይደለም። መርሳ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ብየዳ ቤቴ በር ላይ ባጃጁን አቆመ፣ ወረደ፣ ፊቴ መጥቶ ቆመ። ሊናገር ሞክሮ አቃተው። ከዚያ ቀኝ እጁን ጨበጠ፣ ወደ ላይ አነሳና ጣቶቹን ቀስ አድርጎ በታተናቸው።

ሌላ ሰው ቢያየው ‹ይሄን ልጅ ምን ነካው?› ይል ነበር። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። እሷ ያስተማረችው ሰው ሁሉ ይህን ምልክት ያውቀዋል። መዳፍ ወደ ታች ተዘርግቶ ቀጥ ሲል ጠጣር ነው። መዳፍ ሲያዘነብል ፈሳሽ ነው። ጡጫ ተከፍቶ ጣቶች ሲበታተኑ ጋዝ ነው፤ ያለበትን ዕቃ የሚሞላ፣ ክዳኑ ሲከፈት ደግሞ ወጥቶ የሚሄድ።

«መቼ?» አልኩት።

«ዛሬ ጠዋት፣ ደሴ፣ ታማ በተኛችበት።»

«አንተን አስተምራሃለች?»

«ሁለት ጊዜ ጥላኝ በሦስተኛው አለፍኩ፣ ጋሽ ሰይድ» አለና እያለቀሰ ሳቀ።

ስለ እሷ ለመጻፍ መርሳ ውስጥ ከእኔ የተሻለ ሰው አይገኝም። መምህራኑ ይጽፉ ይሆናል፤ እነሱ ግን የሚያውቋት በስብሰባ ነው። እኔ የማውቃት በክርክር ነው። እኔ ሰይድ ከአራተኛ ክፍል በኋላ የትምህርት ቤት ወንበር አላየሁም። ንባቤን ያጠራሁት ሚስማርና ብሎን ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ብየዳን ማንም አላስተማረኝም፤ ሆኖም ከመርሳ እስከ ውርጌሳ ባለው የአትክልት ማሳ ሁሉ በእጄ ያላለፈ የውኃ ፓምፕ የለም። በዕድሜዬ በክርክር የረታኝ ሰው አላውቅም። መምህርት ጥሩወርቅም አልረታችኝም። ወደዚያ እመጣለሁ።

አጭር ሴት ነበረች። ጃንጥላዋን ስትዘረጋ ከሩቅ የሚታየው ጃንጥላው ብቻ ነው። የተወለደችው ከጉባ ላፍቶ በላይ ካለው ብርዳም ደጋ ነው፤ ለኬሚስትሪ መምህርነት መርሳ ስትመደብ ገና ወጣት ነበረች። ከዚያ ወዲያ ኖራ ኖራ ጸጉሯ እስኪሸብት ሹራቧን ከወገቧ ፈትታ አታውቅም። ቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀት ሲንጣጣ፣ ውሻ እንኳን ከጥላ አልወጣ ሲል፣ እሷ ሹራቧን በወገቧ አስራ ትሄዳለች።

«አንቺ ሴት፣ ይሄን ሱፍ ለምንድን ነው የምትሸከሚው?» ስላት፣

«ብርዱ ተከትሎኝ ቢመጣስ፣ ጋሽ ሰይድ?» ትለኝ ነበር።

ባሏ ቀደም ብሎ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም። ‹ልጆቼ› ስትል ተማሪዎቿን ማለቷ ነው። የእኔና የእሷን ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ስለሆነ፣ ስትስቅ ሳቋ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። ብዙ ጊዜ የሚያስቃት ደግሞ እኔው ነበርኩ።

አንድ አባባል ነበራት። የትኛውም ነገር እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው ተብሎ ሲነገራት፣ «በስንት ሙቀት?» ትላለች። ሱቅ ያለው ሰውዬ ልቡ ድንጋይ ነው ሲሏት፣ «በስንት ሙቀት አያችሁት? ድንጋይም እኮ ይቀልጣል» ትላለች። አንድ ጊዜ የጎረቤት ልጅ ለማጋባት ሽማግሌ ሆነን ሄድን። እኔ በታወቀው አንደበቴ ሙሽራው እንዴት ያለ ረጋ ያለ ልጅ እንደሆነ ተናግሬ ስጨርስ፣ እሷ ከሴቶቹ መሀል ሆና «በስንት ሙቀት?» አለች። የልጅቷ አባት ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሲንፈቀፈቁ ዋሉ። ጋብቻው ግን ሆነ፤ ልጁም እውነት ረጋ ያለ ነው፣ እግር ኳስ ካላየ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከተማዋ በታጣቂዎች እጅ ወደቀች። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ፣ አቅም ያለው ወደ ደሴ ሸሸ። እኔ የብየዳ ማሽኔን ጥዬ አልሄድም አልኩ። መምህርት ጥሩወርቅም ልጆቼን ጥዬ አልሄድም አለች። ልጆቿ ያኔ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዷ የልጄ ልጅ ዘሀራ ናት። እናቷ አረብ አገር ለሥራ ስለሄደች ዘሀራን ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ብልህነቷ ከማን እንደመጣ የሚያጠያይቅ አይመስለኝም። ያቺ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ከመግባት ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ትምህርት ቤቱ ግን ተዘግቶ፣ ወንበሮቹም ለማገዶ ሄደው ነበር።

አንድ ቀን መምህርት ጥሩወርቅ አጥሩን አንኳኳች።

«ጋሽ ሰይድ፣ መብራት የለም፤ ብየዳ ቤትዎ ሥራ ፈቷል አይደል?»

«እኔ ሥራ ፈትቼ አላውቅም።»

«እርስዎን አላልኩም። ቤቱን ነው። ያውሱኝ።»

እንዲህ ሆኖ የእኔ ብየዳ ቤት የመርሳ ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆነ። መሰብሰብ ስለሚያስፈራ ልጆቹ ውኃ ለመቅዳት እንደሚሄድ ሰው ቢጫ ጀሪካን ይዘው አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ ከገቡ በኋላ ጀሪካኑን ገልብጠው ይቀመጡበታል። ሰሌዳ አልነበረም፤ ለአንድ ደንበኛ ሠርቼ ያልወሰደው ትልቅ የላሜራ በር ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበርና የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ በጠመኔ ጻፈችበት። ከዚያ በፊት ዓለም ሁሉ ከስንት ነገር እንደተሠራ በደፈናው እንጂ በስም አላውቅም ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ከልጆቹ እኩል ይዤዋለሁ፤ ከአንዳንዶቹም በልጫለሁ።

ያስተማረችው እንዲህ ብላ ነው። «ልጆቼ፣ ይሄ ሁሉ ንጥረ ነገር በተራ የክፍል ሙቀት፣ ማለትም በሃያ አምስት ዲግሪ፣ ሦስት ዓይነት ነው። ፈሳሾቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሜርኩሪና ብሮሚን። ጋዞቹ ዐሥራ አንድ ናቸው። የቀረው ሁሉ ጠጣር ነው። ይሄን የያዘ ሰው ፈተና ላይ ነፃ ማርክ አለው።»

የማስታወሻ ዘዴውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ባዶ የኦክሲጅን ሲሊንደሬን በጣቴ ቀስ አድርጌ እንደ ድቤ እየመታሁ፣ ውጭ እንዳይሰማ በለሆሳስ እናወርደዋለን። «ሃይድሮጅን፣ ናይትሮጅን፣ ኦክሲጅን፣ ፍሎሪን፣ ክሎሪን!» እላለሁ። ልጆቹ ደግሞ ከማንም ጋር መቀላቀል የማይወዱትን ስድስት ኩሩዎች ይቀበሉኛል፤ «ሂሊየም፣ ኒዮን፣ አርጎን፣ ክሪፕቶን፣ ዜኖን፣ ራዶን!» መምህርት ጥሩወርቅ ከፊት ቆማ ጡጫዋን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። እንደዚያ ያለ መዝሙር በየትም ትምህርት ቤት ተሰምቶ አያውቅም።

ጠቡ የመጣው በጋሊየም ነው።

ጋሊየም ብር የመሰለ ብረት ነው። ድሮ ያስተማረችው ልጅ ባሕር ማዶ ተምሮ ሲመጣ በትንሽ ብልቃጥ አምጥቶ ሰጥቷት፣ እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቀው ነበር። የምታስቀምጠው ብየዳ ቤቱ ጥግ ካለው የውኃ እንስራዬ ሥር፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው፤ እዚያ ቀዝቃዛ ነው። አንድ ቀን ጠዋት አውጥታ ለልጆቹ አሳየች። ብልቃጡን ስትነቀንቀው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።

«ምንድን ነው?»

«ጠጣር!» አሉ ልጆቹ።

ብልቃጡን የላሜራው በር አጠገብ አስቀምጣ ሌላ ትምህርት ቀጠለች። ወደ ቀትር ላይ፣ ያ የቆርቆሮ ጣሪያ ምጣድ ሲሆን፣ ዓይኔን ጣል ሳደርግ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ነገር ተዘርፍጦ ተኝቷል። አነሳሁና አዘነበልኩት። እንደ ዘይት ሄደ።

«ፈሳሽ ነው!» አልኩ። «ልጆች፣ ጻፉ! ፈሳሹ ሁለት ሳይሆን ሦስት ነው!»

«ጋሽ ሰይድ፣ ጠጣር ነው» አለች።

«በዓይናችን እያየነው?»

«በሃያ አምስት ዲግሪ ጠጣር ነው። ሠላሳ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው የሚቀልጠው።»

«መርሳ ውስጥ ቀን በቀን ሃያ አምስት ዲግሪ የት አለ? መጽሐፉ የክፍል ሙቀት ነው የሚለው። እሺ፣ የማን ክፍል?»

እሷ ጠመኔዋን ይዛ ብልቃጡን አየች። በእውነት እላችኋለሁ፣ ያቺን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቃትም።

«እናቴ ቤት ብናስቀምጠው» አለች በመጨረሻ፣ «ዘላለም ጠጣር ነበር።»

«እንግዲያው መጽሐፉን የጻፈው ደገኛ ነው!»

ይሄኔ ሳቋ አመለጣት። ጠመኔውን ጥላ፣ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ፣ በሹራቧ እጅጌ ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ፈሳሹ ስንት?» ስላቸው ልጆቹ ወደ እሷ እያዩ «ሁለት!» ይላሉ፤ እኔ ሲሊንደሩን አንዴ ቸብ ሳደርግ ደግሞ «ሦስት!» ይላሉ። እሷም ጨዋታ መስሏት ተወችን።

ጥቂት ሰንብቶ ታጣቂ መጣብን። ቤት ለቤት እየዞሩ ስልክና ወርቅ ይፈልጉ ነበር። ሌሎቹ ውጭ ቀርተው አንዱ ገባ፤ ገና ወጣት ነው፣ ጠመንጃው ከእሱ ይረዝማል። ልጆቹን በየጀሪካኑ ላይ ተደርድረው ሲያይ ደነገጠ፤ ከዚያ በላሜራው በር ላይ የተጻፈውን የፈረንጅ ፊደል አየና ይበልጥ ደነገጠ።

«ይሄ ምንድን ነው? ኮድ ነው? የማን የማን ስም ነው?»

አፌን ልከፍት ስል መምህርት ጥሩወርቅ በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ።

«የዓለም ዕቃ ሁሉ ስም ነው» አለችው። «የያዝከውም አለበት። ይኸውልህ፣ ብረት።»

አላመናትም። እየፈተሸ እንስራው ጋ ደረሰ፣ አሸዋውን በእጁ ጫረ፣ ብልቃጡን አገኘ። ከፍቶ መዳፉ ላይ ገለበጠው። ያቺ ብራማ ድቡልቡል ዱብ አለች።

«ብር ነው!»

«ብር አይደለም ልጄ። እጅህ ላይ አታቆየው» አለችው።

«ዝም በይ!» አለና ጨበጠው። በአንድ እጁ ጠመንጃ፣ በአንድ እጁ ጋሊየም እንደያዘ ልጆቹን አንድ በአንድ ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ ማን እንደላካቸው ይጠይቅ ጀመር። ዘሀራ ጋ ሲደርስ አንዲት የምታብረቀርቅ ጠብታ ከጣቶቹ መሀል ወጥታ ጫማው ላይ ወደቀች። ቀጥሎ ሌላ። እጁን ከፈተው።

«እጄ!» ብሎ ጮኸ። «እጄ ቀለጠ!»

ዘሀራ ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔ በልቤ ‹አለቀልን› አልኩ። መምህርት ጥሩወርቅ ግን ብልቃጡን ይዛ ቀረበችው።

«አትፍራ ልጄ፣ አይጎዳህም። መዳፍህን አዘንብል። እንዲህ።»

ታዘዘ። እሷ ባሳየችው የፈሳሽ ምልክት መዳፉን አዘነበለ፤ ጋሊየሙም ተንሸራትቶ ወደ ብልቃጡ ገባ። ጫማው ላይ ያለው ቀረ።

«ስንተኛ ክፍል ነበርክ?» አለችው፣ እጁን በሹራቧ እየጠረገችለት።

«ዐሥረኛ።»

«ኬሚስትሪ ተምረሃላ። በክፍል ሙቀት ፈሳሽ የሆኑት ማን ማን ናቸው?»

ልጁ ጠመንጃውን ረስቶ ጣሪያውን ተመለከተ። «ሜርኩሪ» አለ። «ሜርኩሪና...»

ዘሀራ በከንፈሯ ብቻ ‹ብሮሚን› አለችው።

«ብሮሚን!» አለ፣ ፊቱ በርቶ።

ከውጭ አንዱ «አንተ፣ ምን አገኘህ?» ብሎ ተጣራ። ልጁ በሩን አየ፣ ልጆቹን አየ፣ ግራጫ የሆነ መዳፉን አየ።

«ምንም የለም! አንዲት አሮጊትና አንድ ሽማግሌ ናቸው!» ብሎ ጮኸና ወጣ።

ሽማግሌ መባሌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እግሩ ሲርቅ፣ «አየሽው? ሌባ ነው!» አልኳት።

«በስንት ሙቀት?» አለች። ብልቃጡን አሸዋው ውስጥ መልሳ ቀበረችው። «እናቱ ቤት ሲሆን ምን እንደሚሆን አላየንማ፣ ጋሽ ሰይድ።»

ወራት አለፉና ታጣቂዎቹ ከተማዋን ለቀው ሄዱ። ትንሽ ቆይቶ ጦርነት የነበረባቸው አካባቢዎች ተማሪዎች ዘግይተው እንደሚፈተኑ፣ የእኛዎቹም ወልድያ ሄደው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ እንደሚፈተኑ ተነገረ። መምህርት ጥሩወርቅ መስኮቱ በረገፈ የትምህርት ቤቱ ክፍል ልጆቿን ሰብስባ የሙከራ ፈተና ሰጠች። ከጥያቄዎቹ አንዱ ‹ከሚከተሉት ውስጥ በክፍል ሙቀት ፈሳሽ የሆነው የቱ ነው?› ይላል፤ ምርጫው ሰልፈር፣ አዮዲን፣ ብሮሚን፣ ጋሊየም ነው። ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ጋሊየም ብለው መለሱ። ለምን ሲባሉ፣ በዓይናችን አይተናል፣ ታጣቂው እጅ ላይም ፈሷል፣ ጋሽ ሰይድም ብለዋል አሉ።

እሷን ተቆጥታ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ጃንጥላ እንኳን ሳትይዝ በፀሐይ መጣች።

«ጋሽ ሰይድ፣ ታጣቂው ያልወሰደብኝን እርስዎ ወሰዱብኝ!»

«ምን አደረግኩ?»

«ነፃ ማርክ ነበረች! ይንገሯቸው። እርስዎን ነው የሚሰሙት።»

«ያየሁትን አልክድም።»

«ይካዱ አላልኩም። በስንት ሙቀት እንዳዩት ይንገሯቸው ነው ያልኩት» አለችና ተመልሳ ሄደች። አጥሩ ሲንኳኳ የማይሰማበት ሳምንት ሆነ።

እኔ እንደ ብረት ጸናሁ። ለልጆቹ ብዬ እንኳን አልተነቃነቅሁም። ከዚያ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ቤቴ የአስር ሰላት ሰግጄ ስወጣ ዘሀራ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

«አባባ፣ ያቺ ጥያቄ ከመጣች የእርስዎን ነው የምጽፈው።»

«የመጽሐፉን ጻፊና ማርክሽን ውሰጂ እንጂ።»

«አልችልም። የመጽሐፉን ከጻፍኩ እርስዎ ዋሽተዋል ማለቴ ነው። ጀሪካን ላይ የተቀመጥነው እርስዎ ቤት ነው፤ መዝሙሩን ያስያዙን እርስዎ ነዎት። ወላሂ አልጽፍም። ማርኳ ትቅርብኝ።»

«አንዲት ማርክ ናት፣ ምን አላት?»

«በአንዲት ማርክ ከዩኒቨርሲቲ የቀረ ስንት ሰው አለ፣ አባባ» አለችና አለቀሰች። ስታለቅስ ድምፅ አታሰማም፤ እናቷም ልጅ ሳለች እንዲያ ነበረች።

ያን ማታ አሰብኩ። እኔ ሳስብ ደግሞ መፍትሔ አይጠፋም። በማግስቱ አጥሩን ያንኳኳሁት እኔ ነበርኩ።

«ብልቃጡን አውሺኝ።»

«ምን ሊያደርጉት?»

«ክርክሩን ላሸንፍ።»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ከሹራቧ ኪስ አውጥታ ሰጠችኝ።

ፈተናው በሚጀመርበት ቀን ማለዳ ወደ ወልድያ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሌሊቱን ቀዝቅዞ ስላደረ ጋሊየሙ ጠጣር ነው። ኪሴ ብከተው የገላዬ ሙቀት ያቀልጠዋል፤ ብይዘው እጄ ያቀልጠዋል። ስለዚህ ብልቃጡን በክር አስሬ በመስኮት ወደ ውጭ አንጠለጠልኩት።

«አባባ፣ ምንድን ነው ያሰሩት?» አለኝ ረዳቱ።

«ንጥረ ነገር ነው።»

«ለምን አይገባም?»

«ይሞቀዋል።»

«ጫማውን አውልቆ ይግባ በሉት!» አለች ከኋላ ያለች ሽንኩርት ነጋዴ፤ መኪናው በሳቅ ተሞላ። እኔ ክሬን እንደያዝኩ ቀጥ ብዬ ተቀምጫለሁ። ዕውቀት የሌለው ሰው ሲስቅ መናደድ ተገቢ አይደለም።

ግቢው በር ላይ ስደርስ የመርሳ ልጆች ሊገቡ ተሰልፈዋል፤ መምህርት ጥሩወርቅም አብራቸው ቆማለች፤ ወልድያ ነፋሻ ስለሆነች ሹራቧን ለመጀመሪያ ጊዜ ለብሳዋለች። አንድ ጥበቃ እጄን ያዘኝ።

«የኔ አባት፣ ምን ይዘዋል? እዚህ ምንም ይዞ መቅረብ አይቻልም።»

«እዚሁ ቆሜ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቃቸው። አንተም ስማ፣ ይጠቅምሃል።» ብልቃጡን ከፍ አድርጌ ነቀነቅሁት። ቀጭ፣ ቀጭ አለ።

«ልጆች! ምንድን ነው?»

«ጠጣር!»

«መርሳስ ቀትር ላይ?»

«ፈሳሽ!»

«ሰይድ ዋሽቷል?»

«አልዋሹም!»

«መጽሐፉስ?»

ዘሀራ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

«መጽሐፉም አልዋሸም» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «መጽሐፉ የሚናገረው ስለዚህ ዓይነቱ ክፍል ነው። ሃያ አምስት ዲግሪ! እናንተ የምትፈተኑት የት ነው?»

«ወልድያ!»

«እንግዲያው ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ?»

«ጠጣር!» ብለው ሲጮሁ የሌላ ከተማ ተማሪዎች ሁሉ ዞረው አዩን። ጥበቃው ራሱ «ጠጣር» ሲል ሰምቼዋለሁ። ዘሀራ ከሰልፉ ወጥታ ትከሻዬን ሳመችና ሮጣ ገባች።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከመምህርት ጥሩወርቅ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ብልቃጡን አሁን በእጄ ይዤዋለሁ። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ «እርስዎም በስንት እንደሚቀልጡ አወቅሁ» አለችኝ።

«እኔ? እኔ ብረት ነኝ፤ አልቀልጥም።»

«ብረትም ይቀልጣል። እርስዎ ግን ለብረት ትንሽ ፈጠኑ። ዘሀራ ስታለቅስ።»

«ማን ነገረሽ?»

«አጥራችን ቆርቆሮ ነው እኮ፣ ጋሽ ሰይድ።»

ብልቃጡን ነቀነቅሁት። ቀጭ አላለም።

«ይኸው» አልኳት፣ «መርሳ ደረስን።»

ፈተናው ላይ ስለ ጋሊየም አንዲትም ጥያቄ አልመጣችም። ዘሀራ መጥታ ስትነግረን መምህርት ጥሩወርቅ አጥሩን ይዛ እስኪያማት ሳቀች። ዘሀራ አለፈች፤ እዚያው ወልድያ ተመደበች፤ ከትምህርት ሁሉ መርጣ ኬሚስትሪ ገባች። ያም ከማን እንደመጣ የሚያጠያይቅ አይመስለኝም፤ ግማሹ ከአጥሩ ማዶ ነው።

መምህርት ጥሩወርቅን የቀበርናት እናቷ አገር፣ ደጋው ላይ ነው። የሰፈራችን ቅሬ፣ ማለትም ዕድራችን፣ መኪና ተከራይቶ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ወጣ። እኛ ሙስሊሞቹ መቃብሩን ቆፈርን፣ ቀሳውስቱ ጸሎታቸውን አደረሱ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ያስተማረቻቸው ልጆች ከየቦታው መጥተው ነበር፤ አፈሩ ሲመለስ አንዱ ጡጫውን ከፍ አድርጎ ጣቶቹን በተነ፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። ቄሱ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ «የኬሚስትሪ ነው» አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ።

ሰው ሲበተን ወንድሟ ወደ እኔ መጣና ያን ብልቃጥ እጄ ላይ አኖረው።

«ለጋሽ ሰይድ ስጥልኝ ብላለች። ‹ክርክሩ አላለቀም በልልኝ› ብላለች።»

ብልቃጡ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ነቀነቅሁት፤ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። እንዳለችው ነው፤ እናቷ አገር ጠጣር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ብልቃጡን በሁለት እጄ ሸፈንኩት። ዘሀራ ከወልድያ መጥታ ነበርና አጠገቤ ተቀመጠች። መኪናው ሊሄድ ጥሩምባ ሲነፋ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች።

«አባባ፣ አሁን ምን ሆኗል? ጠጣር ነው ፈሳሽ?»

በዕድሜዬ ጥያቄ ተጠይቄ መልስ ለመስጠት አመንትቼ አላውቅም።

«በስንት ሙቀት?» አልኳት፤ እጄንም አልከፈትኩም።